የተሰነጠቀ የተሳቢ ሻንሲ፦ ከመበየዱ በፊት፣ በሚበየድበት ጊዜና ከዚያ በኋላ

ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ የጭልጋን ዳገት የወጣ ከፊል ተሳቢ አዘዞ ሲደርስ ሹፌሩ ይወርዳል፤ ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ ሸራው መላላቱን ያያል፣ የፍሬኑን አየር ያዳምጣል። ከተሳቢው ስር ተንበርክኮ ሻንሲውን፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመውን የብረት አጽም፣ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዘግይቶ፣ ተሳቢው ወገቡ ላይ ከረገበ ወይም ጎማው በአንድ ወገን መበላት ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። በያጅ ይጠራል፣ ስንጥቁ ላይ ብየዳ ይደፋበታል፣ ወፍራም ላሜራ ይለጠፍበታል፣ መኪናው በማግስቱ ጭኖ ይወጣል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ብረቱ ከላሜራው ጫፍ ጣት ያህል ርቆ እንደገና ይሰነጠቃል። ባለንብረቱ በያጁን ይረግማል፣ በያጁ ብረቱን ያማል።

ሁለቱም ያልጠየቁት ጥያቄ አለ፤ መጀመሪያውኑ ለምን ተሰነጠቀ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። የተጻፈው ለባለንብረቶች፣ ለሹፌሮችና ጎንደር ውስጥ ከባድ መኪና ለሚጠግኑ በያጆች ነው። ብየዳ ለማያውቅ ሰው ብየዳ አያስተምርም፤ በያጁ ሲሠራ ምን መጠየቅና ምን መከልከል እንዳለበት ግን ያሳየዋል።

መጀመሪያ አጥቦ ማየት

በጭቃና በግራሶ የተሸፈነ ሻንሲ ላይ ስንጥቅ አይታይም። ተሳቢውን ያራግፉ፣ ከስሩ በደንብ ያሳጥቡ፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይድረቅ። ጠዋት ላይ ጥሩ ባትሪ ይዘው ይግቡ። መጀመሪያ የሚፈልጉት ስንጥቁን ሳይሆን የዝገት መስመር ነው። ቀለሙ ተሰንጥቆ ከውስጡ ቀጭን ቡናማ ዱቄት የሚወጣበት ቦታ ካለ ስሩ ብረቱ እየተፋተገ ነው ማለት ነው።

የአብዛኛው ከፊል ተሳቢ ሻንሲ ሁለት ረጃጅም ዋና ብረቶች አሉት። እያንዳንዱ ከላይና ከታች ጠፍጣፋ ብረት፣ በመካከል ደግሞ ቋሚ ላሜራ አለው። ጭነት ሲያርፍበት ከኪንግፒኑ (ተሳቢው ከፊቱ ካለው ጎታች መኪና ጋር የሚያያዝበት ፒን) እስከ አክስሎቹ ባለው ርዝመት የላይኛው ጠፍጣፋ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይሳባል። ብረት የሚቀደደው ሲሳብ ስለሆነ በዚህ ርዝመት ውስጥ ዓይን መዋል ያለበት የታችኛው ጠፍጣፋ ላይ ነው። ከመጨረሻው አክስል ወደ ኋላ በተንጠለጠለው ክፍል ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሚሳበው የላይኛው ነው።

በተለይ የሚታዩ ቦታዎች አሉ። አንደኛው አንገቱ ነው፤ ሻንሲው ከጎታቹ በላይ ለማለፍ ቁመቱ የሚያንስበትና ወደ ታች የሚታጠፍበት ቦታ። ቅርጹ በድንገት ስለሚለወጥ ጭንቀቱ ሁሉ እዚያ ጥግ ላይ ይጠራቀማል። ሁለተኛው የባሌስትራ (አክስሉን የሚይዘው የተደራረበ የብረት ምንጣፍ፣ ማለትም ስፕሪንግ) መያዣዎቹ ከዋናው ብረት ጋር የተበየዱበት ነው። ሦስት አክስል ያለው ተሳቢ ጠባብ ቦታ ላይ ሲዞር ጎማዎቹ ወደ ጎን ይጎተታሉ፤ ያ የጎን ኃይል በመያዣዎቹ በኩል ሻንሲውን ይጠመዝዛል። በሊማሊሞ ጥምዝምዝ የሚመላለስ ተሳቢ መያዣዎቹን ከሌላው በቶሎ ማስፈተሽ አለበት። አግዳሚ ብረቶቹ ከዋናዎቹ ጋር የሚገናኙባቸውን ቦታዎችና የማቆሚያ እግሮቹን ግርጌም አይለፉ።

አንድ ቦታ ግን ከሁሉም በላይ ይዘነጋል። ሹፌሮች የውኃ በርሜል፣ የመሣሪያ ሣጥን፣ የመጠባበቂያ ጎማ ማስቀመጫ ያሠራሉ። በያጁም ለሥራው ስለሚመቸው መያዣውን በታችኛው ጠፍጣፋ ጠርዝ ላይ ይበይደዋል፤ አለዚያም ጠፍጣፋውን በስቶ በብሎን ያስረዋል። ሦስት ጣት የማትሞላ የአንግል ብረት ቁራጭ በአንድ ቦታ ብየዳ ተይዛ ትታያለች። ከብየዳው ጫፍ ፀጉር የመሰለ መስመር ወጥቶ ወደ ቋሚው ላሜራ ይወጣል። አርባ ቶን የሚሸከም ብረት መሰንጠቅ የጀመረው በርሜል ከተንጠለጠለባት ቁራጭ ነው። ይህን ካገኙ ምክንያቱን አገኙ፤ ከዚህ በኋላ ማንኛውም ተንጠልጣይ ነገር በቋሚው ላሜራ መካከል እንጂ በጠፍጣፋዎቹ ላይ አይያዝ።

ምክንያቱን መለየት

ብረት የሚሰነጠቀው አንድ ቀን ከባድ ጭነት ስላረፈበት ብቻ አይደለም። ሽቦን ደጋግመው እያጠፉ ሲመልሱት እንደሚበጠስ ሁሉ፣ ሻንሲም በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ በጥቂቱ ታጥፎ ይመለሳል፤ በዚህ መመላለስ ይደክማል። ጭነቱ ከልክ ባለፈ ቁጥር የመታጠፉ መጠን ይጨምራል፣ ዕድሜው ደግሞ ከጭማሪው በላይ ያጥራል።

ስለዚህ ሊብሬውን ያውጡና የተጻፈውን የጭነት ልክ በእውነት ከሚጫነው ጋር ያስተያዩ። 400 ኩንታል የተፈቀደለት ተሳቢ ላይ 450 የሚጭን ሰው ሻንሲው ቢሰነጠቅ ሊገርመው አይገባም። የአጫጫኑ ነገርም አለ። ጆንያ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲደረደር ክብደቱ ይከፋፈላል። ያው ክብደት መካከል ላይ አንድ ቦታ ቢከመር፣ በሁለት ጫፍ በተደገፈ ብረት ላይ የሚያጎብጠው ኃይል እጥፍ ይሆናል። ሲሚንቶና ሰሊጥ ለዚህ ብዙ አያስቸግሩም። ትራንስፎርመር፣ የተጠቀለለ ላሜራና የግንባታ ማሽን ግን ከስራቸው ክብደቱን የሚያሰራጭ ወፍራም እንጨት ይፈልጋሉ።

ሌሎቹ ምክንያቶች ባጭሩ፦ የተሰበረ ባሌስትራ ሳይቀየር መሥራት፣ የላላ የባሌስትራ ብሎን፣ የእርሻ መንገድ ላይ አንዱ ጎማ ቦይ ውስጥ ገብቶ ሌላው ከፍ ብሎ ሻንሲው መጠምዘዙ፣ የቀድሞ መጥፎ ብየዳ። ከስንጥቁ ጋር አብሮ የተሰበረ ባሌስትራ ከተገኘ፣ ከሻንሲው በፊት ባሌስትራው ይሠራ።

የማይጠገነው

እዚህ ላይ ባለንብረቶች ያኮርፋሉ። ኪንግፒኑ የተተከለበት የፊት ሳህን ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ሁለቱም ዋና ብረቶች በአንድ ልክ ተሰንጥቀው ስንጥቁ ከቋሚው ላሜራ ግማሽ በላይ ከወጣ፣ ወይም ዝገቱ ብረቱን በመዶሻ ሲመቱት እንደ ቅርፊት የሚረግፍ ካደረገው፣ መንገድ ዳር ብየዳ መፍትሔ አይሆንም። የተጎዳው ክፍል ተቆርጦ ይተካ፤ ይህም የተሳቢ ማምረቻ ልምድ ባለው ድርጅት ይሠራ።

ኪንግፒን ራሱ ከተበላ በብየዳ ሞልቶ መሞረድ የሚባል ነገር የለም። በሙቀት የጠነከረ ብረት ስለሆነ ብየዳው ያሰባብረዋል። የሁለት ኢንቹ ኪንግፒን መያዣ አንገት አዲስ ሲሆን 50.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 49 ከደረሰ ይቀየራል። በካሊፐር ለመለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እግረ መንገድዎን ጎታቹ ጀርባ ላይ ያለውን መቀበያ ሳህንም ይዩት፤ መቆለፊያው ከተበላ አዲስ ኪንግፒንም በቶሎ ይበላል።

የጎታቹ ሻንሲ ደግሞ ከተሳቢው ይለያል። ብዙዎቹ ጎታቾች በሙቀት የጠነከረ ብረት ስላላቸው አንዳንዶቹ ላይ «አትብሱ፣ አትበይዱ» የሚል ምልክት ተለጥፎ ይገኛል። እዚህ የጻፍኩት የጥገና መመሪያ ለተሳቢ እንጂ ለጎታች አይደለም።

ቦታውንና ተሳቢውን ማዘጋጀት

ጎንደር የኮረብታ ከተማ ናትና ለጥ ያለ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ሆኖም ይፈለግ፤ አዘዞ በኩል ይሻላል። ተዳፋት ላይ የቆመ ተሳቢ በራሱ ክብደት ይጠመዘዛል፤ ተጠምዞ የተበየደ ሻንሲም ተጠምዞ ይቀራል። ሲሚንቶ የተነጠፈበት ጋራዥ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ የጠነከረ መሬት ይመረጥና ከእያንዳንዱ ክሪክ ስር ሰፊ ጣውላ ይደረግ።

ጎታቹን ይለዩት። የግድ አብሮ መቆም ካለበት የኤሌክትሪክና የአየር መስመሮቹ ይነቀሉ፣ የባትሪው ገመዶች ይፈቱ። ተሳቢው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት) ካለው የመቆጣጠሪያ ሣጥኑ መሰኪያም ይውጣ፤ የብየዳ ጅረት ሊያቃጥለው ይችላል። የብየዳው የመሬት መያዣ ብረት እስኪታይ በተፋቀ ቦታ ላይ፣ ከሚበየደው ጎን ይታሰር። ቸርኬ ወይም አክስል ላይ ካሰሩት ጅረቱ በኩሽኔታው አልፎ ያበላሸዋል። ከሥራው አጠገብ ያለ ጎማ፣ የፕላስቲክ የአየር ቱቦና ሽቦ ይነሳ።

ነዳጅ የሚያመላልስ ቦቴ ከሆነ እዚህ ላይ ያቁሙ። ባዶ ቦቴ ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል። ጋዙ መውጣቱ በመሣሪያ ሳይረጋገጥ ማንም ክብሪት እንኳ አይጫር።

አሁን ድጋፍ። ከስንጥቁ ፊትና ኋላ በዋናዎቹ ብረቶች ስር ክሪክ ይግባና በጥቂት በጥቂቱ ይነሳ፤ የስንጥቁ አፍ ሲገጥም ይቁም። ከዚያ በላይ አይግፉ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ የብረት ማቆሚያ ወይም የተደራረበ የባሕር ዛፍ ግንድ ክብደቱን ይያዝ። ብዙ ተሳቢዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ወገባቸው በጥቂቱ ወደ ላይ የጎበጠ ነው፤ ጭነት ሲያርፍበት እንዲቃና ተብሎ ነው። ሲባጎ ወጥረው ያስተያዩትና ያልተጎዳውን ጎን እንደ ልክ ይጠቀሙ። ለማቃናት በኦክስጅንና በአሴቲሊን ነበልባል አያቅሉት፤ በክሪክ ቀዝቃዛውን ይግፉት። የቀላ ብረት ይቃናል፣ ጥንካሬው ግን አይመለስም።

የስንጥቁን ጫፍ ማግኘት

ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚፈልገው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይኸው ነው። ዓይን የሚያየው ጫፍ እውነተኛው ጫፍ አይደለም። ስንጥቁ ከሚታየው አልፎ ይሄዳል። ያ ያልታየ ክፍል ከብየዳው ውጪ ከቀረ፣ ጥገናው ከመጀመሩ በፊት ተበላሽቷል።

ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ያንሱ። በግራይንደር ጠበቅ አድርጎ መፋቅ የስንጥቁን አፍ ስለሚደፍነው ይጠንቀቁ። ቀይ ሰርጎ ገብ ቀለምና ነጭ ርጭት ካገኙ ይጠቀሙ፤ ቀዩ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይቆይ፣ በጨርቅ ይጠረግ፣ ነጩ ይረጭበት። ካላገኙ ነጭ ጋዝና ጠመኔ ይበቃል። ቦታውን በነጭ ጋዝ ያርሱት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት፣ በደረቅ ጨርቅ አጥብቀው ይጥረጉት፣ ከዚያ ጠመኔ በደንብ ይቀቡት። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ጋዝ ተመልሶ ይወጣና ነጩ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይስላል። ዋናውን ብረት በመዶሻ ቀስ አድርገው ቢመቱት መስመሩ ይጎላል። መስመሩ ያለቀበትን ቦታ በፑንቶ (በመዶሻ ተመትቶ ነጥብ በሚያወጣ ሹል ብረት) ምልክት ያድርጉ። የብረቱን ሌላኛ ፊትም እንዲሁ ይፈትሹ፤ ሁለቱ ጫፎች ላይገጥሙ ይችላሉ። የሚታመነው የራቀው ነው።

እዚያ ጫፍ ላይ፣ ጥቂት ወደ ፊት አለፍ ብለው፣ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ይብሱ። የስንጥቁ ሹል አፍ ክብ ሲሆን ጭንቀቱ ስለሚበተን ወደ ፊት መሄዱን ያቆማል። ከበሱ በኋላ ነጭ ጋዙንና ጠመኔውን ይድገሙት፤ መስመሩ ከቀዳዳው ማዶ ከታየ ቀዳዳው አጥሯል። መንገድ ላይ ስንጥቅ ያገኘ ሹፌር ይህን ቀዳዳ አስበስቶ ባዶውን ቀስ ብሎ ጎንደር ሊገባ ይችላል። ጭኖ ግን አይሂድ።

ብየዳው

ቋሚውን ላሜራና ጠፍጣፋውን ስንጥቁን ተከትለው በግራይንደር በቪ ቅርጽ ይክፈቱት። የሁለቱ ጎኖች ስፋት 60 ዲግሪ ያህል፣ ግርጌው ላይ የሚቀረው ክፍተት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ላይ ላዩን የተደፋ ብየዳ ስንጥቁን ይሸፍነዋል እንጂ አይዘጋውም።

ኤሌክትሮዱ (እየቀለጠ ብየዳውን የሚሞላው ዘንግ) 7018 የሚባለው ዓይነት ይሁን። በየሱቁ በቀላሉ የሚገኘው 6013 ለበር፣ ለመስኮትና ለአጥር ነው፤ ሻንሲ ላይ ሲውል ማየት ያናድደኛል። የ7018 ሁለት የመጀመሪያ አኃዞች የብየዳው ብረት በአንድ ስኩዌር ኢንች 70 ሺህ ፓውንድ የመሳብ ኃይል እንደሚችል ይናገራሉ፤ 490 ሜጋ ፓስካል ገደማ መሆኑ ነው። ከቻይና የሚመጡ ብዙ ተሳቢዎች የሚሠሩበት ኪው 345 የተባለው ብረት ላይመለስ መለጠጥ የሚጀምረው 345 ሜጋ ፓስካል ላይ በመሆኑ በቂ ነው። የመጨረሻው 8 ሽፋኑ ሃይድሮጂን የሚያንሰው መሆኑን ያሳያል። ሃይድሮጂን ብየዳው ውስጥ ሲቀር ብረቱ ከቀዘቀዘ ሰዓታት በኋላ እንኳ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

ነገር ግን 7018 እርጥበት ይጠጣል። ካርቶኑ ከተከፈተ በኋላ ከአራት ሰዓት በላይ አየር ላይ መቆየት የለበትም፤ ማቆያ ምድጃው ቢያንስ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠበቅ። የጎንደርን ክረምት የሚያውቅ ሰው ከሰኔ እስከ መስከረም ክፍት ካርቶን ምን እንደሚሆን አይጠፋውም። ምድጃ የሌለው በያጅ የታሸገ ካርቶን ገዝቶ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ይክፈት። ዝናብ እያካፋ ደግሞ አይበየድም። ጠዋት ጤዛ ያለበት ብረትም ለእጅ እስኪሞቅ ድረስ ይሙቅ፤ ይህ እርጥበቱን ለማድረቅ ነው፣ ለማቅላት አይደለም።

ለ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ100 እስከ 140 አምፔር፣ ቀጥተኛ ጅረት፣ ኤሌክትሮዱ ፖዘቲቩ ላይ። መብራቱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ጄኔሬተር ይሻላል፤ ቮልቱ የወደቀበት ብየዳ ከላይ አምሮ ከታች ሳይዋሃድ ይቀራል። ከተበሳው ቀዳዳ ይጀመርና ወደ ጠርዙ ይመጣ። ስንጥቁ የጠፍጣፋውን ጠርዝ የቆረጠ ከሆነ ጠርዙ ላይ ትንሽ የብረት ቁራጭ ይያዝ፤ ብየዳው እሱ ላይ አልፎ ይለቅ፣ በኋላ ቁራጩ ይቆረጥ። የብየዳ መጀመሪያና መጨረሻ ደካማ ቦታ ነውና ጠርዙ ላይ መቅረት የለበትም። በየብየዳው ንብርብር መካከል ከላይ የሚቀረው ቅርፊት ይመታ፣ ይቦረሽ። አንዱ ፊት ሲያልቅ ከጀርባው ንጹሕ ብረት እስኪታይ ተፍቆ ያም ይበየድ።

ውኃ አይድፉበት። በራሱ ይቀዝቅዝ። በያጁ ቢቸኩል እንኳ ባለንብረቱ አይቸኩል።

ሲቀዘቅዝ ብየዳው ከብረቱ ጋር እኩል እስኪሆን ይሞረድ፤ የመጨረሻው የግራይንደር ጭረት በሻንሲው ርዝመት ይሂድ። ወደ ጎን የሄደ ጭረት ነገ ስንጥቅ የሚጀምርበት መስመር ነው። ከዚያ ነጭ ጋዙና ጠመኔው ይደገም።

ማጠናከሪያ ላሜራ

«ጋሼ፣ ወፈር ያለ ላሜራ እናልብሰው?» ሳይባል የሚያልፍ ጥገና የለም። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» አይደለም። በደንብ የተበየደ ስንጥቅ፣ ምክንያቱም ከተወገደ፣ ላሜራ ላይፈልግ ይችላል። ጭንቀቱ በተፈጥሮው በሚጠራቀምበት አንገት ላይ ግን ይጠቅማል።

ላሜራው በቋሚው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ እንጂ በታችኛው ጠፍጣፋ ላይ በአግድም አይበየድ። ውፍረቱ ከግድግዳው አይብለጥ፤ በጣም የጠነከረ ቦታ ከጎኑ ያለውን እንዲሰበር ያደርገዋል። ከስንጥቁ በሁለቱም በኩል ቢያንስ የሻንሲውን ቁመት ያህል ይለፍ። ጫፎቹ ቀጥ ብለው የተቆረጡ ሳይሆኑ ወደ ሹል የተሳሉ ይሁኑ፤ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ ብየዳ በጭራሽ አይኑር። በመግቢያው ያነሳሁት «ከላሜራው ጫፍ ጣት ያህል ርቆ» የሚመጣ ስንጥቅ ልጁ የዚህ ቀጥ ያለ ብየዳ ነው። በውስጥና በውጭ ሁለት ላሜራ ከተደረገም ጫፎቻቸው አንድ ቦታ ላይ አይግጠሙ።

ልኬት፣ ቀለምና የመጀመሪያው ጉዞ

ድጋፉ ከወጣ በኋላ ከኪንግፒኑ መካከል እስከ መጀመሪያው አክስል ሁለት ጫፎች በብረት ሜትር ይለኩ። የግራና የቀኙ ልዩነት ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ተሳቢው በጎን ይሄዳል፤ ጎማም ይበላል። በአክስሎቹ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ አይብለጥ።

አንቲረስት፣ ከዚያ ቀለም። ጥገናው ያለበትን ቦታ ከሌላው በፈዘዘ ቀለም ቢቀቡት በኋላ ዝገት ሲወጣ ቶሎ ይታያል። ስንጥቁ የነበረበትን፣ የተበየደበትን ቀንና የኤሌክትሮዱን ዓይነት በመኪናው ደብተር ይጻፉ፤ ተሳቢው ሲሸጥም ገዢው ይህን የማወቅ መብት አለው።

የመጀመሪያው ጉዞ ሙሉ ጭነት አይሁን። ግማሽ ጭኖ ባሕር ዳር ደርሶ ይመለስና ቦታው ይታይ። ቀጥሎ የተፈቀደውን ልክ ይጫን። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ የመተማ ወይም የሊማሊሞ ጉዞ መልስ ረዳቱ በባትሪ ሦስት ቦታ ይይ፦ የብየዳውን ሁለት ጫፎች፣ የላሜራውን ሹል ጫፎች፣ እና በተቃራኒው ዋና ብረት ላይ ያንኑ ልክ ቦታ። አንዱ ዋና ብረት በተሰነጠቀበት ጊዜ ጭነቱን ሌላኛው ተሸክሞ ቆይቷልና ተራው የእሱ ሊሆን ይችላል።